ቁማሩ ውሉ ላይ ነበር

«ቁማርተኛው»ን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሩሌት ነው፤ ስለሚሽከረከረው መንኮራኩር፣ ስለ ቀዩና ጥቁሩ፣ ስለ ወጣቱ የቤት አስተማሪ ስለ አሌክሴይ ኢቫኖቪች እብደት። መጽሐፍ ሲታተምና ሲሸጥ ከሥር ከሥሩ የምንል ሰዎች ግን ይህ የዶስቶየቭስኪ አጭር ልብወለድ በተነሳ ቁጥር ቀድመን የምናነሳው ሌላ ወረቀት ነው፤ አንድ ውል። ደራሲና አሳታሚ ሲጣሉ መሀል ገብቶ የሸመገለ ሰው ያንን ውል ቢያነበው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ላብ ያሰምጠዋል። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ስለማይጻፍ እዚሁ በመሀላችን እናውጋው።

እ.ኤ.አ. 1864 ለፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ የመርዶ ዓመት ነበር። በአፕሪል ሚስቱ ማሪያ ዲሚትሪየቭና በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሐዘኑ ሳይወጣለት በጁላይ ታላቅ ወንድሙ ሚኻኢል ተከተላት። ወንድማማቾቹ «ኤፖኻ» የምትባል መጽሔት ያዘጋጁ ነበር፤ ከእሷ በፊት የነበረቻቸውን «ቭሬምያ»ን መንግሥት በ1863 ዘግቶባቸዋል። ሚኻኢል ሲሞት ለቀብሩ ከምትበቃ ገንዘብ በቀር ትቶ የሄደው ሚስት፣ ልጆችና ወደ 25 ሺህ ሩብል የሚጠጋ ዕዳ ነው። ዶስቶየቭስኪ ዘወር ማለት ይችል ነበር። አበዳሪዎቹ መጽሔቷን ይከፋፈሏታል፣ ቤተሰቡም ውርሱ ይቅርብን ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እሱ ግን የሟቹን ዕዳ በገዛ ፊርማው ወደ ራሱ አዞረው። መጽሔቷን አስቀጥላለሁ፣ የወንድሜንም ቤት አስተዳድራለሁ አለ። በዚያ ላይ ሚስቱ ከፊተኛው ባሏ የወለደችው ፓሻ የሚባል እንጀራ ልጅ አለ፤ ሥራ የማይወድ፣ የእንጀራ አባቱን ኪስ ግን አብዝቶ የሚወድ ጎረምሳ።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ያዙልኝ። ገንዘቡ ሲያጥረው ዶስቶየቭስኪ ወደ ሞስኮ ሄደ። እዚያ የእናቱ እህት፣ ኩማኒና የሚባሉ ሀብታም አሮጊት አሉ። ኋላ ከሚደርሰኝ ውርስ አሁኑኑ ይስጡኝ ብሎ 10 ሺህ ሩብል ተቀበላቸው። ገንዘቡ መጽሔቷ ውስጥ ገብቶ ቀለጠ። መጽሔቷ በ1865 ሞተች። አሮጊቷ አልሞቱም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በር ይንኳኳል፣ ቀን ይለመናል፣ አንዱን ለመክፈል ከሌላው ይበደራል። በ1865 ንብረትህ ተመዝግቦ ይያዛል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የባለዕዳ እስር ቤት ነው። ይሄኔ ነው ፊዮዶር ስቴሎቭስኪ ብቅ ያለው። ስቴሎቭስኪ የሙዚቃ ኖታ ጭምር የሚያሳትም፣ የተቸገረ ደራሲ ከሩቅ የሚሸተው ነጋዴ ነበር። በጁላይ 1865 ያስፈረመው ውል እንዲህ ይላል፦ ደራሲው 3,000 ሩብል ይቀበላል፤ አሳታሚው ደራሲው እስከዛሬ የጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ ያትማል፤ ደራሲው በተጨማሪ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብወለድ ጽፎ ያስረክባል። ይህ ድረስ ክፉ ቢሆንም የተለመደ ክፋት ነው። መርዙ ያለው መቀጫው ላይ ነው። ልብወለዱ ሳይደርስ ቀርቶ ነገሩ ከተጓተተ ስቴሎቭስኪ ለዘጠኝ ዓመት ዶስቶየቭስኪ የሚጽፈውን ማንኛውንም ነገር ሰባራ ሳንቲም ሳይከፍል የማሳተም መብት ያገኛል።

ይህን እንደ ነጋዴ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ልብወለዱ በሰዓቱ ቢመጣ ስቴሎቭስኪ ለስብስቡ አንድ ማሟያ ያገኛል። ባይመጣ ዘጠኝ ዓመት ያገኛል። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ደግሞ «ጅሉ» እና «አጋንንት» ተጽፈዋል። አሳታሚው ገንዘቡን ያስቀመጠው በመጽሐፉ መምጣት ላይ ሳይሆን በመጽሐፉ መቅረት ላይ ነው ማለት ነው። ሩሌት ላይ ዜሮ የምትባለው ቁጥር አለች፤ ኳሷ እዚያ ስታርፍ በቀይም በጥቁርም ያስያዘው ሁሉ ይበላል፣ ጠረጴዛው ያተርፋል። ያቺ የመቀጫ አንቀጽ የስቴሎቭስኪ ዜሮ ነበረች።

ሁለተኛዋ የዶስቶየቭስኪ ሚስት አና ግሪጎርየቭና በማስታወሻዋ አንድ ነገር ጨምራ ሹክ ትላለች። ስቴሎቭስኪ ከውሉ በፊት የደራሲውን የዕዳ ወረቀቶች በሰው እጅ በርካሽ ሲገዛ ከርሟል፤ 3,000ውን ሩብል በአንድ እጁ ሰጥቶ አብዛኛውን በሌላ እጁ ተቀብሏል ነው የምትለው። አና ይህን የጻፈችው ባሏ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ስቴሎቭስኪንም አትወደውም፤ ስለዚህ የተወሰነውን ለእሷ ሐዘንና ፍቅር ቀንሱለት። ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው የሚቻል ነገር አይደለም አይልም። እኛም አገር ደራሲው ማተሚያ ቤት የሚከፍለውን ከአንድ ሰው ተበድሮ፣ መጽሐፉን ለዚያው ሰው አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲገባ ታይቷል።

ዶስቶየቭስኪ ለአበዳሪዎቹ ካከፋፈለ በኋላ 175 ሩብል ኪሱ ውስጥ ቀረች። ምን ቢያደርግባት ጥሩ ነው? ጀርመን፣ ቪስባደን፣ ካዚኖ። በአምስት ቀን ውስጥ ኪሱ ታጠበ። የሆቴሉ ሰዎች ነገሩ ሲገባቸው ምሳና እራት ከለከሉት፤ ሻይ ብቻ ያመጡለት ነበር። ለደራሲው ቱርጌኔቭ 100 ታለር ላክልኝ ብሎ ጻፈ፤ ቱርጌኔቭ 50 ላከ። ብድሩን የመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም ከተጣሉ ወዲያ። በዚያ በራብ ሰሞን ነው «ወንጀልና ቅጣት»ን አስቦ ለመጽሔት አዘጋጁ ለካትኮቭ ቀብድ ስጡኝ ብሎ የጻፈው። አንባቢ ይህን ሲሰማ የሊቅነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ነገሩ ከዚያ ያነሰም ከዚያ የበለጠም ነው፤ ሰውየው ከሐሳቡ ሌላ የሚያስይዘው ነገር አልነበረውም።

1866 ዓመቱን ሙሉ «ወንጀልና ቅጣት» በተከታታይ ሲወጣ ዋለ፤ የስቴሎቭስኪ ልብወለድ ግን አንድ መስመር አልነበረውም። በሰኔ ወዳጁ ለሆነች አንዲት ወጣት ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ልብወለድ እጽፋለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ማንም አልሠራም ብሎ ይፎክርላት ነበር። ፉከራው ፉከራ ሆኖ ቀረ። ኦክቶበር 1 ቀን ወዳጁ አሌክሳንደር ሚሉኮቭ ሊጠይቀው ቢመጣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አገኘው። ስንት ጻፍክ? ምንም። ውሉን አሳየኝ አለው። አንብቦ ደነገጠ። ለሁለት ለሦስት ወዳጆች እንከፋፈለው፣ አንተ ታሪኩን ንገረን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ምዕራፍ እንጽፍልህና በስምህ ይውጣ አለው። ዶስቶየቭስኪ ሌላ ሰው በጻፈው ላይ ስሜን አላኖርም ብሎ እምቢ አለ። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ባሪያ ከመሆን የሰው ጽሑፍ በስሙ ማውጣት የበለጠ ከብዶታል። ሚሉኮቭ ሁለተኛ ሐሳብ አመጣ፦ እንግዲያው እየተናገርክ ሌላ ሰው ይጻፍልህ። ንግግርን በምልክት እየቀዱ በፍጥነት የመጻፍ ትምህርት ፒተርስበርግ ውስጥ አዲስ ነገር ነበር። መምህሩ ኦልኺን ጎበዝ ተማሪውን መረጠ፤ ኋላ ሚስቱ የምትሆነው ያቺው አና፣ ያኔ አና ስኒትኪና፣ ሃያ ዓመቷ፣ አባቷ በዚያው ዓመት ሞቶባት ሐዘን ላይ ናት። ለጠቅላላው ሥራ 50 ሩብል ይከፈላታል።

ኦክቶበር 4 ቀን ስቶልያርኒ የሚባለው ጠባብ መንገድ ጥግ ላይ ወዳለው ቤት ሄደች። ካየቻቸው ነገሮች ሁሉ ደስ የሚሉኝ ትንንሾቹ ናቸው። ሰውየው እየተናገረ ከበሩ እስከ ምድጃው በሰያፍ ይመላለሳል፤ ምድጃው ጋ በደረሰ ቁጥር ሁለቴ ቆርቆር ያደርገዋል። ስሟን ይጠይቃታል፣ ወዲያው ይረሳዋል፣ መልሶ ይጠይቃታል። አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የቻይና የአበባ ማስቀመጫዎች የሉም፤ መያዣ ሆነው ሄደዋል። ሌላ ቀን ምሳውን ሲበላ በእንጨት ማንኪያ ነው፤ የብሩ ማንኪያዎችም ሄደዋል። እንግዲህ አስቡት፤ መላ ቤተሰቡ መያዣ ስለገባበት ጄኔራል የሚጽፈው ሰው የሚበላበት ማንኪያ መያዣ ቤት ነው።

አሁን ወደ ልብወለዱ ልግባ፤ ሹክ ልላችሁ የፈለግሁትም ይህን ነው። «ቁማርተኛው»ን አሌክሴይን እየተከተላችሁ ካነበባችሁት የወጣት ፍቅርና እብደት ነው። ጄኔራሉን እየተከተላችሁ አንብቡት። ያኔ ስለ አንድ የአምሳ አምስት ዓመት ሰው የተጻፈ፣ ሆድ የሚያስይዝ ክፉ ቀልድ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጄኔራሉ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ትንንሽ ልጆችና ፖሊና የምትባል እንጀራ ልጅ አሉት። ሥልጣኑን ሲያስረክብ ከመንግሥት ካዝና 30 ሺህ ጎድሎ ተገኝቷል። ጉድለቱን የሞላለት ዴ ግሪዩ የሚባል ፈረንሳዊ ማርኪስ ነኝ ባይ ነው፤ በምላሹ የጄኔራሉ ርስት ሁሉ ወለድ አገድ ሆኖ በእጁ ገብቷል። ጄኔራሉ አሁን ሩሌተንቡርግ በተባለች ምናባዊ የጀርመን ከተማ ትልቅ ሆቴል ውስጥ እንደ ባለጸጋ ይኖራል፣ ግብዣ ይደግሳል፣ ማድሞዋዜል ብላንሽ ከምትባል ከልጁ ብዙም ከማትበልጥ ፈረንሳዊት ጋር ፍቅር ይዞት ያብዳል። ብላንሽ ታገባዋለች፤ ውርሱ ከመጣ። ዴ ግሪዩ ፖሊናን ያገባታል፤ ውርሱ ከመጣ። ውርሱ የሚመጣው ሞስኮ ያሉት አያት አንቶኒዳ ቫሲሊየቭና ሲሞቱ ነው። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ጠዋት ማታ አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ ሞቱ ወይስ አልሞቱም? እያለ ቴሌግራም መላክ።

የመሬትና የቤት ውርስ ሙግት ያየ ያገራችን ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጎልማሳው ሰው የራሱ ዕድሜ እንዳያመልጠው የሌላ ሰው ዕድሜ እንዲያልቅ ይጠብቃል። ዶስቶየቭስኪ ጄኔራሉን ክፉ ሰው አላደረገውም፤ ያ ቢሆን ቀልዱ ይበላሽ ነበር። ፈሪ፣ ለስሙ የሚጨነቅ፣ በፈረንሳዮቹ ፊት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ በአስተማሪው ላይ ግን የሚጮህ ተራ ሰው ነው። አሌክሴይ ፖሊና ስላዘዘችው ብቻ አንዲትን የጀርመን ባሮነስ መንገድ ላይ በሕዝብ ፊት ሲዘልፋት፣ ጄኔራሉን ያስጨነቀው የሴትየዋ ክብር አይደለም። ያስጨነቀው ነገሩ ተነስቶ ጋብቻውን እንዳያፈርስበት ነው።

እናም ሞታቸው ሲጠበቅ የነበሩት አሮጊት ራሳቸው ይመጣሉ። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የአሮጊት አመጣጥ ካለ ንገሩኝ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ እግራቸው አይሄድም፣ በወንበር ተሸክመዋቸው የሆቴሉን ደረጃ ይወጣሉ፤ ከኋላቸው አሽከር፣ ገረድና የጓዝ መዓት። የሞስኮ ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባቸው ነበር፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በድርቆሽ ብናኝ አክሞ አዳናቸው። ጄኔራሉ አፉን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። እሳቸውም ስለ ቴሌግራሞቹ እንደሚያውቁ ለማስረዳት ጊዜ አላባከኑም፤ ብዙ ከፍለህባቸዋል አይደል ዓይነት ወሬ ነው የጀመሩት። አንዲት ሩብል አልሰጥህም ብለው ቁርጡን ነገሩትና፣ ይህ ካዚኖ የምትሉት የት ነው አሉ።

ካዚኖ ገብተው የጠየቁት ስለ ዜሮ ነው። አንድ ላስያዘ ሠላሳ አምስት ይከፍላል ሲሏቸው ሌላ ቁጥር አልሰማም አሉ። አሌክሴይ ይለምናቸዋል፣ ዜሮ ቶሎ ላይመጣ ይችላል ይላቸዋል፤ እሳቸው ደጋግመው አስያዙ፣ ጥቂት ተበሉ፣ ከዚያ ዜሮ መጣ። አሸንፈው፣ ለሁሉ ጉርሻ ሲበትኑ ዋሉ። በማግስቱ ተመልሰው ሄዱ፣ በሦስተኛውም ቀን። ወደ 100 ሺህ ሩብል የሚጠጋው ገንዘባቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ወደ ሞስኮ የተመለሱት ከአንድ እንግሊዛዊ በተበደሩት ነው።

ጄኔራሉ በዚህ መሀል ምን ያደርጋል? ይሮጣል። አሌክሴይን ይለምነዋል፦ አስቁማት፣ አእምሮዋን ስታለች፣ ፖሊስ እንጥራ። በእሱ ቤት የሚቃጠለው የአሮጊቷ ገንዘብ አይደለም፣ የእሱ ነው። አስቀድሞ አውጥቶታል፣ አግብቶበታል፣ ዕዳውን ከፍሎበታል፤ የቀረው አሮጊቷ መሞት ብቻ ነበር። ሳቅ የሚያመጣውም ይህ ነው፤ ሰውየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሩሌት ላይ እንዲህ አልተበላም፣ ሌላ ሰው ተበልቶ እሱ ደኸየ።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን የሞስኮዋን ሀብታም አክስት እዚህ አውጧት። ዶስቶየቭስኪ አሮጊቷን ኩማኒና ናቸው ብሎ የተናገረበት ቦታ የለም፣ እኔም ናቸው አልልም። ግን ባልሞተ ሰው ውርስ ላይ ቀብድ የተቀበለ ደራሲ የጄኔራሉን ልመና ሲያስጽፍ ከየት እንዳመጣው መጠየቅ አያስፈልግም። ተቺዎች አብዝተው የሚያወሩት ስለ ፖሊናና ስለ አፖሊናሪያ ሱስሎቫ ነው፤ በ1863 ከዶስቶየቭስኪ ጋር አውሮፓን የዞረችው ወጣት ሴት። ያ እውነት ነው፤ የልብወለዱን ሐሳብ በዚያ ጉዞ ላይ ከሮም በደብዳቤ ጽፎት ነበር፣ ያኔም እንኳ 300 ሩብል ቀብድ ለማግኘት። ነገር ግን ሱስሎቫ የሰጠችው ንዴቱን ነው። ቀልዱ የመጣው ከዕዳው ነው፤ የሐምሳ አምስት ዓመቱ ጄኔራል በ1863ቱ ደብዳቤ ውስጥ አልነበረም።

የጥድፊያው ጠባሳ ግን አለ፣ አንደብቀው። ፖሊና እስከ መጨረሻው ግማሽ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ነው፤ አሌክሴይ በአንድ ሌሊት ያሸነፈውን ገንዘብ አምጥቶ ሲሰጣት 50 ሺህ ፍራንኩን ፊቱ ላይ ስትወረውርበት ትዕይንቱ ያስደነግጣል፣ ሴትየዋን ግን አንድ እርምጃ አያቀርባትም። የፓሪሱ ክፍል እየሮጠ የተነገረ ነው፤ አሌክሴይ ከብላንሽ ጋር ሀብቱን ሲያቃጥል፣ ብላንሽም በመጨረሻ የጄኔራል ሚስት መባል አምሯት ሽማግሌውን ስታገባው፣ ምዕራፎቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለእኔ ግን ይህ ጉድለት ነገሩን ይበልጥ አስቂኝ አድርጎታል። ጄኔራሉ ህልሙን አገኘ፤ ያገኘው ግን አእምሮው ከደከመ፣ ሰው ልብሱን ካለበሰው በኋላ ነው።

የሚገርመው አና ናት። ቀን ከምሳ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ትቀዳለች፣ ማታ ቤቷ ትገለብጣለች፣ በማግስቱ ገጾቹን ይቆጥራሉ፤ ይደርሳል? አይደርስም? ስለ ባለታሪኮቹም ይከራከሩ ነበር። እሷ የወደደችው አሮጊቷንና እንግሊዛዊውን ሚስተር አስትሊን ነው። አሌክሴይን ግን ንቃዋለች፤ ለቁማር መንበርከኩን ይቅር ልትለው አልቻለችም። ዶስቶየቭስኪ ለአሌክሴይ ይሟገትለት ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ በሥራ ላይ እያለች ያንን ጉዳይ ሳትፈራ መናገሯን አስተውሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሰው አግብታ ያንኑ ቁማር አራት ዓመት ታግሣለች።

ኦክቶበር 29 አለቀ፤ ሃያ ስድስት ቀን። በማግስቱ አርባ አምስት ዓመት ሞላው። አና የመጨረሻዎቹን ገጾች ይዛ የመጣችው የሐዘን ጥቁሯን ትታ የሐር ቀሚስ ለብሳ ነው። በዚያው ሰዓት የወንድሙ ሚስት ኤሚሊያ ፊዮዶሮቭና እንኳን አደረሰህ ልትለው ገባችና አናን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ስሙን የተሸከመው ቤተሰብ እንጀራው ሊነካበት መሆኑን ከሁሉ ቀድማ ያሸተተችው እሷ ናት።

ቀጥሎ ያለውን ልብወለድ ውስጥ ብትጽፉት አርታኢያችሁ ይቆርጠዋል። ኖቬምበር 1 ቀን ዶስቶየቭስኪ ጽሑፉን ይዞ ወደ ስቴሎቭስኪ ሄደ። ስቴሎቭስኪ የለም፤ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ኃላፊው ለመቀበል ሥልጣን አልተሰጠኝም አለ። ቀኑ እያለቀ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ በር ላይ ቆሟል። ያዳነው የአና ቤት ሰዎች አስቀድመው ያገኙት የሕግ ምክር ነው፤ እናቷ ጠበቃ አማክራ፣ አሳታሚው ሊሰወር ስለሚችል ጽሑፉን ለውል አዋዋይ ወይም ለፖሊስ አስረክቦ ቀን ያለበት ደረሰኝ ይቀበል ተብላ ነበር። ዶስቶየቭስኪ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲጠብቅ አመሸ፤ ሹሙ ተገኝቶ ደረሰኙን የሰጠው ማታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። «ቁማርተኛው» መጀመሪያ የገባው ወደ ማተሚያ ቤት አይደለም፣ ወደ ፖሊስ መዝገብ ነው።

ስቴሎቭስኪ ከዚያ ምን ተሰማው? አላፈረም፤ መጽሐፉን አተመው፣ ሸጠው። ነጋዴ ዜሮ ባትመጣለትም የተሸጠው ይበቃዋል።

ዶስቶየቭስኪ ኖቬምበር 8 ቀን አናን እንደ ልብወለድ አስመስሎ ጠየቃት፤ አንድ ያረጀ፣ ዕዳ ያለበት ሠዓሊ አንዲትን ወጣት ቢወድ ትወደው ይሆን? በፌብሩዋሪ 1867 ተጋቡ። ፓሻ በዚህ ዕድሜህ አይሆንም ባይ ነበር። የዘመድ ልመናና አበዳሪ ሲያስጨንቃቸው አና የጥሎሿን ዕቃ አስይዛ ወደ ውጭ ወጡ፤ አራት ዓመት ሳይመለሱ ቆዩ። ባደን ባደን ውስጥ የጋብቻ ቀለበቷ ሳይቀር መያዣ ቤት ገባ። ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1871 ቪስባደን ነው፤ ያቆመው ለምን እንደሆነ ሁሉም የየራሱን ይላል፣ እኔ የአናን ትዕግሥት እጠረጥራለሁ። ስብከት አልሰበከችውም፤ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችው።

ከተመለሱ በኋላ ግን አና የስቴሎቭስኪን ትምህርት አልረሳችም። በ1873 «አጋንንት»ን አሳታሚ ሳይኖር ራሳቸው አሳተሙት፣ 3,500 ቅጂ፣ የአንዱ ዋጋ 3 ሩብል ከ50 ኮፔክ። በጃንዋሪ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ በወጣ ጠዋት ከአንድ መጽሐፍ ቤት የተላከ ሰው መጥቶ አሥር ቅጂ ስጪኝ አላት። ሃያ በመቶ ቅናሽ፣ 28 ሩብል አለችው። ሠላሳ በመቶ አይሆንም? አይሆንም። ሃያ አምስትስ? አይሆንም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመጽሐፍ ነጋዴ ጋር የተከራከረ ሰው ሁሉ ይህን ንግግር በድምፁ ያውቀዋል። ሰውየው ከፈለና ሄደ፤ ሌሎችም ተከታተሉት። አንዳንዶቹ የመጽሐፉን ስም አጣምመው ስለሚጠሩ ሞግዚቷ እነዚህ እርኩሳን መናፍስት ቤት ከገቡ ወዲህ ሕፃኑ ሌሊት አልተኛ አለ ብላ አማረረች።

ዶስቶየቭስኪ እንደ ልማዱ አርፍዶ ተነሳና ገበያው እንዴት ነው አላት። በጣም ጥሩ፣ 115 ቅጂ ሸጫለሁ አለችው። እንኳን ደስ ያለሽ አለ፤ እያሾፈችበት መስሎት ነው። እጇን ኪሷ ከትታ የብሩን ኖት አወጣች፤ ወደ 300 ሩብል ነበር።